አንድ እግር ሲታመም ቤተሰብ ያነክሳል

በሽታ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በአካል ላይ የሚሰማው ሕመም፣ ትኩሳትና ድካም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤት፣ ዘመድና ወዳጅ ለበሽተኛው በሚያሳዩት ፊት የሚመጣ ጉዳት ነው። በአንዳንድ በሽታዎች ይህ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው የከፋ ሆኖ ይገኛል። ወባ የያዘውን ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ ያስታምመዋል፤ ጉንፋን የያዘውም «እግዜር ይማርህ» ይባላል። የሥጋ ደዌ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ግን በብዙ ዘመንና በብዙ አገር ከሚጠይቀው ይልቅ የሚሸሸው ሰው ሲበዛበት ኖሯል። በሽታውን በአካሉ እንደ ተሸከመ፣ ነውሩን ደግሞ በላዩ ላይ እንዲሸከም ተደርጓል።

ይህ ነውር በበሽተኛው ጫንቃ ላይ ብቻ ተጭኖ አይቀርም። ወደ ወንድሙና ወደ እኅቱ፣ ወደ ልጆቹና ወደ ልጅ ልጆቹ ይሻገራል። በሽታው ራሱ ከሰው ወደ ሰው የማይጋባ ሲሆን እንኳ ነውሩ ይጋባል። ተማሪዎች ሆይ፣ የዚህ ምንባብ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆንና በምን ሊቋረጥ እንደሚችል በአንድ በሽታ ምሳሌነት ማስረዳት ነው። በሽታውም በአገራችን በብዙ ስፍራ፣ በተለይም በወላይታ የሚገኘው የእግር እብጠት በሽታ ነው። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኝ፣ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሰፈረበት ለምለም አገር ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለችው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቤሌን ያገኛል። በወላይታ በብዙው ስፍራ አፈሩ ቀይ ነው። ገበሬው እንሰቱን፣ በቆሎውን፣ ጎደሬውንና ስኳር ድንቹን የሚያገኘው ከዚህ አፈር ነው። ልጆች በላዩ ይሮጡበታል፤ ሴቶች ውሃና እንጨት ተሸክመው ይመላለሱበታል። አፈሩ ቤተሰቡን ይመግባል፤ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ግን በውስጡ የተሰወረ አደጋ አለው።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ይህ ዓይነቱ ቀይ አፈር ከጥንት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ እየተፈረፈረ የተገኘ ነው። በውስጡም ለዐይን የማይታዩ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው፣ ቅንጣቶቹ በውስጥ እግሩ ቆዳ በኩል ይገባሉ። በቆዳው ሥር ፈሳሽን ወደ ደም የሚመልሱ ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ፤ ቅንጣቶቹ እነዚህን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹም ቀስ በቀስ እየጠበቡና እየተደፈኑ ይሄዳሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይጠራቀምና እግሩ ያብጣል፤ ቆዳውም ይደድራል፣ ይቋጠራል። በሽታው የሚገኘው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብበት፣ ቀይ አፈር ባለው ደጋና ወይና ደጋ ነው።

ሕዝቡ ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ግን ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ይህን ስም ያወጣለት በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ቃሉ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተውጣጣ ነው። በሞቃት ቆላ የሚገኝ፣ የወባ ትንኝን በመሰሉ ትንኞች አማካይነት በሚተላለፍ ቀጭን ትል የሚመጣ ሌላ የዝሆኔ ዓይነት አለ። የወላይታው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ትልም፣ ተሐዋሲም፣ ቫይረስም አያመጣውም። ስለዚህ በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት ወይም የበሽተኛውን ልብስ በመልበስ ከቶ አይተላለፍም።

በሽታው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በወላይታ ተካሂዶ በ2003 የታተመ ጥናት ከነዋሪው ከ100 ሰዎች ከ5 የሚበልጡት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በኋላም በመላው ኢትዮጵያ ከ1300 በሚበልጡ ቀበሌዎች በተደረገ ሰፊ የካርታ ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ተገምቷል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ፣ ማለትም በእናንተ ዕድሜ ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግየት ብሎ ነው። የመጀመሪያ ምልክቶቹ በእግር ጣቶችና በመርገጫው አካባቢ የሚሰማ ማሳከክና ማቃጠል፣ እንዲሁም ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል ቀላል እብጠት ናቸው። ከዚያ እያደረ እብጠቱ የማይመለስ ይሆናል። በየጊዜውም እግሩ በድንገት ይግልና ይቀላል፤ በሽተኛው ብርቱ ትኩሳት ይዞት ለቀናት ከአልጋ አይነሣም።

እንግዲህ ይህ ሕመም በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሦስት ከፍለን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሥራና በኑሮ ላይ የሚደርሰው ነው። በወላይታ ተደርጎ በ2006 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሽተኞቹ በዓመት ውስጥ ሊሠሩበት ከሚችሉት ቀን 45 ከመቶ የሚሆነውን ያጣሉ። በሽታው በዞኑ ኢኮኖሚ ላይ የሚያስከትለው ኪሳራም በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር እንደሚበልጥ ተሰልቷል። ይህን ቁጥር ወደ አንድ ጎጆ አምጥታችሁ አስቡት። አባት በእርሻ ወራት አልጋ ላይ ከዋለ ሞፈሩን የሚጨብጠው ልጁ ነው፤ ልጁም ለዚህ ሲል ትምህርቱን ያቋርጣል። እናት ወደ ገበያ መሄድ ካልቻለች ሸክሙ ወደ ሴት ልጇ ይዞራል። ጥሪት ያላት ቤት ጥጃዋን ትሸጣለች፤ የሌላት ትበደራለች። የታመመው አንድ እግር ቢሆንም ከሥራና ከትምህርት የሚጎድሉት ብዙ እግሮች ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳት በጋብቻ ላይ የሚደርሰው ነው። በአገራችን ልማድ ጋብቻ ሁለት ቤተሰቦችን የሚያስተሳስር ውል ስለ ሆነ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወዲያኛው ወገን ዘር ይጠየቃል፣ ይመረመራል። በቤቱ እግሩ ያበጠ ሰው ካለ ግን ጥያቄው በዚያ ያበቃል። እግሯ ጤነኛ የሆነ እኅት የወንድሟ እግር ስላበጠ ብቻ ጠያቂ ታጣለች። ያገባች ሴት በትዳር እያለች በሽታው ሲጀምራት የምትፈታበት ጊዜም አለ። በመሆኑም ቤተሰቡ የታመመውን ልጁን ከእንግዳ ዐይን መሰወር ይጀምራል፤ ይህን የሚያደርገውም ብዙውን ጊዜ ልጁን ጠልቶ ሳይሆን ለሌሎቹ ልጆቹ ፈርቶ ነው።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጎረቤቶች «በሽታው በአንዳንድ ቤት ይደጋገማል» ሲሉ ያዩት ነገር ውሸት አይደለም። በእርግጥም በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በርከት ብሎ ይታያል። ስሕተቱ ያለው ከዚህ በመነሣት በሚደርሱበት መደምደሚያ ላይ ነው። አንዳንዱ ይህን አይቶ «እርግማን ነው» ይላል፤ ሌላው «ይጋባል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዘራቸው ነውና ማምለጫ የለውም» ይላል። ሦስቱም አልተሳካላቸውም። በወላይታ በሽተኞችና ጤነኞች ላይ ተካሂዶ በ2012 ይፋ የሆነ የዘር ውርስ ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚመሩ የተወሰኑ ዘረ መሎች ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አረጋግጧል። ይህ ማለት ከወላጅ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን በአፈሩ ቅንጣቶች ቶሎ የመጠቃት ጠባይ ነው ማለት ነው። ይህ ጠባይ ያለው ልጅ በባዶ እግሩ ካደገ ሊታመም ይችላል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከለበሰና እግሩን በንጽሕና ከያዘ ግን ቅንጣቶቹ ወደ ሰውነቱ ስለማይገቡ ከበሽታው ይጠበቃል። የአንድ ቤት ልጆች ደግሞ የሚጋሩት ደም ብቻ አይደለም። አንድ ማሳ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ድህነትና አንድ ዓይነት ባዶ እግርም ይጋራሉ። ስለዚህ ያ ቤተሰብ ከሌሎች ይልቅ የሚያስፈልገው ጫማ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው መገለል ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ከሁለቱ የሚወለደው መደበቅ ነው። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አበባየሁ ቶራና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በወላይታ የሚኖሩ በሽተኞች ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሠርግና ከሌላም ስብሰባ እንደሚገለሉ፣ ብዙዎችም ፊት ላለማየት ራሳቸው ከሰው እንደሚርቁ ተገልጿል። ተማሪ ከሆነ ከክፍሉ የመጨረሻ ወንበር ይመርጣል፤ እግሩን ከዴስኩ ሥር ያስገባል፤ በመጨረሻም ይቀራል። የተደበቀ እግር አይታጠብም፣ አይታከምም፤ ስለዚህም ይብስበታል። የባሰበት እግር ቁስልና ሽታ ሲያመጣ፣ ሰው የበለጠ ይሸሸዋል። እንዲህ ሆኖ ነውሩ በሽታውን፣ በሽታውም ነውሩን እያሳደገው አዙሪት ይሆናል። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንኳ በሽታውን ተላላፊ አድርገው ይቆጥሩት እንደ ነበር አመልክቷል። ሐኪሙ ከፈራ፣ በሽተኛው ወደ ማን ይሂድ?

የዚህ ዓይነቱን አዙሪት አገራችን በኤች አይ ቪም ታውቀዋለች። የኤድስ ሕመምተኞች በኢትዮጵያ መታወቅ ከጀመሩበት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ ብዙ ቤተሰብ ዘመዱ የሞተበትን ምክንያት በሌላ በሽታ ስም ሲሸፍን ኖሯል። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችም ሐዘኑ ሳያንሳቸው ሐሜቱን ወርሰዋል። ሁለቱ በሽታዎች በባሕርያቸው በጣም ይለያያሉ። ኤች አይ ቪ በታወቁ መንገዶች፣ ይኸውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደም እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የእግሩ በሽታ ጨርሶ አይተላለፍም። ይሁንና ሁለቱም በአንድ ገበታ በመብላት ወይም እጅ በመጨባበጥ አይጋቡም፤ ሁለቱም ላይ ግን ገበታው ተለይቷል። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ በአልጋ ላይ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ጎረቤት በዐይኑ አየ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሽታውን እንደማያስተላልፍም ዛሬ ታውቋል። መታከም እንደሚቻል ሲታወቅ የመደበቅ ምክንያት እያነሰ ይሄዳል።

የእግሩ በሽታስ ሊታከም ይችላልን? አዎን፤ ሕክምናውም የሚጀምረው ከውሃና ከሳሙና ነው። በሽተኛው በየቀኑ እግሩን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ የጤና ባለሙያ በሚያዘው መጠን ተሐዋሲን በሚገድል መድኃኒት ውስጥ ይነክራል፤ ከዚያም በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አድርቆ ቆዳውን የሚያለሰልስ ቅባት ይቀባል። እንደ አስፈላጊነቱ እግሩን በፋሻ ይጠቀልላል፤ ሲቀመጥ ከፍ አድርጎ ያሳርፈዋል፤ ካልሲና የሚበቃው ጫማ ያደርጋል። በዚህም እብጠቱ እየጎደለ፣ ቁስሉ እየደረቀ፣ ሽታው እየጠፋ ይሄዳል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 በሽተኞች ላይ ለ12 ወራት የተካሄደና በ2018 የታተመ ሙከራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሕክምናውን ወዲያው ያልጀመሩት በሽተኞች በአማካይ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ድንገተኛ ሕመም ሲይዛቸው፣ የጀመሩት ግን 19 ጊዜ ያህል ነው የያዛቸው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሕመም በአልጋ ላይ የሚያልፍ የሥራ ወይም የትምህርት ቀን መሆኑን ካሰባችሁ፣ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል እንደ ሆነ ትረዳላችሁ።

በወላይታ ራሱ፣ ናታን ባርሎው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ማኅበር መቀመጫውን ሶዶ ላይ አድርጎ በዞኑ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ይህን ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሊታወስ የሚገባው፣ ሕክምናው ከረዳቸው በሽተኞች መካከል ሠልጥነው ሌሎችን በሽተኞች ያስተማሩና ያከሙ መኖራቸው ነው። ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማም በዚያው ተሠርቷል። በኋላም በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ቸል ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ቆጠረው፤ የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2013 ባወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ ውስጥ አስገባው።

በልማዳችን እግር ማጠብ የክብር ምልክት ነው። መንገድ የደከመው እንግዳ ሲመጣ ልጆች ውሃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፤ አባትም ከእርሻ ሲገባ እንዲሁ ይደረግለታል። ይህ ልማድ ላበጠው እግር ከሁሉ አስቀድሞ ሊደርሰው የሚገባ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የተነፈገው ለእሱ ነው። በቤቱ ውስጥ ይህን በሽታ የያዘው ሰው ያለው ልጅ፣ ውሃ አሙቆ ቢያጥበው ሁለት ነገር ይፈጽማል፤ እግሩን ያክማል፤ በሽታው እንደማይጋባም ለሚያይ ሁሉ ያለ ንግግር ያስተምራል።

መከላከያውስ? በአንድ ወቅት ይህ በሽታ በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ይገኝ እንደ ነበር ይታመናል፤ ሕዝቡ ሁሉ ጫማ መልበስ ሲጀምር ከዚያ ጠፋ። በአገራችንም በብዙ ቤት ዛሬ ጫማ አለ፤ ነገር ግን ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለትምህርት ቤት ተለብሶ በእርሻ ጊዜ ይወልቃል። እግር ከአፈሩ ጋር በይበልጥ የሚገናኘው ግን በእርሻ ላይ ነው። ልጆች ለበዙበት ደሃ ቤተሰብ ለሁሉ ጫማ መግዛት ከባድ መሆኑ አይካድም። ስለዚህ አቅም ያነሰውን ቤተሰብ ማገዝ የእድር፣ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ጉዳይ ጭምር ነው።

እናንተም ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ወደ ሥራም ሆነ ወደ ጨዋታ ስትሄዱ ጫማ አድርጉ፤ ማታ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ። የማቃጠል ወይም የማበጥ ምልክት ካያችሁ ሳትደብቁ ለወላጆቻችሁና ለጤና ጣቢያ ንገሩ፤ በሽታው በመጀመሪያው ደረጃ ሳለ ሊመለስ ይችላልና። በክፍላችሁ እግሩን ከዴስክ ሥር የሚሸሽግ ጓደኛ ካለ አጠገቡ ተቀመጡ። ነገ ደግሞ እናንተ ወላጅ፣ ሽማግሌ፣ መምህር ወይም ሐኪም ትሆናላችሁ። የአንዲት ልጅ ጋብቻ በወንድሟ እግር ምክንያት ሲፈርስ በመካከሉ ተገኝታችሁ፣ የሚወረሰው ምን እንደ ሆነና የማይወረሰው ምን እንደ ሆነ ለይታችሁ መናገር የምትችሉት ዛሬ በትክክል ከተረዳችሁት ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ካጠናችሁ በኋላ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ጫንቃ — ትከሻ
መጋባት — ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍ
ጥሪት — የተጠራቀመ ሀብት
መነፈግ — የሚገባን ነገር መከልከል
አዙሪት — መውጫ የሌለው፣ ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ ነገር

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው በምን በምን ምክንያት ነው?
2. «ጎረቤቶች ያዩት ነገር ውሸት አይደለም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው? ስሕተታቸውስ ምኑ ላይ ነው?
3. ቤተሰብ የታመመ ልጁን የሚሰውረው ለምንድን ነው? አድራጎቱን ትደግፉታላችሁ ወይስ ትነቅፉታላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
4. ምንባቡ የእግር እብጠት በሽታንና ኤች አይ ቪን የሚያመሳስላቸው በምንድን ነው? የሚለያቸውስ በምንድን ነው?

ሐ. በአካባቢያችሁ ሰዎች የሚሸማቀቁበትን አንድ በሽታ ምረጡ። ምክንያቱን፣ በቤተሰብ ላይ የሚያስከትለውን ውጤትና መፍትሔውን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ፣ አራት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። የበሽተኛ ስም አትጥቀሱ።